ለሎረን ቢስቢ የቀረችው ቃል

ሎረን ቢስቢ ከመታመሙ በፊት በኢስት ካርቨር ሰው ሁሉ የሚያውቀው በጉድጓዱና በምላሱ ነበር። ጉድጓዱን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባትና ልጅ በቬርሞንት ተራሮች ለገበሬው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ከከተማ መጥቶ የበጋ ቤት ለሚሠራው ሁሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ምላሱን ከማን እንዳመጣው ግን የሚያውቅ የለም፤ አባቱ ሰላምታ እንኳ የሚሰስት ሰው ነበር። ሎረን ጠዋት ሱቅ ገብቶ ቡናውን ከቀዳ ማንም ሥራው ላይ በሰዓቱ አይደርስም። ስለ አንዲት የታመመች ላም ይጀምርና የሆነ ሰው ሠርግ ላይ ይጨርሳል፤ መሃል ላይ የት ጋ እንደታጠፈ ልብ ያለ የለም። ሚስቱ አይሪን፣ "ይሄ ሰውዬ ተኝቶም ወሬውን ሳይጨርስ አይገላበጥም" ትል ነበር።

በረዶው ገና ባልቀለጠበት አንድ ጠዋት፣ ከወንድሙ ልጅ ከሮይስ ጋር የመቆፈሪያ ማሽኑን እያሞቁ ሳለ መፍቻ እንዲያቀብለው ሊጠይቀው አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣም። ሮይስ ዞር ሲል አጎቱ በቀኝ በኩል እንደ ባዶ ጆንያ ሲወርድ አየው።

ሎረን ሲነቃ ሆስፒታል ነው። አይሪን አጠገቡ ተቀምጣ ግራ እጁን ይዛለች። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አልጋው ላይ ተጋድሟል።

"ሎረን፣ እንዴት ነህ?"

ሊላት የፈለገው፣ ማሽኑን ማን አጠፋው፣ ሮይስ ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ካላፈሰሰው እኮ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል፣ ነበር። ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ተሰድሮ ቁጭ ብሏል። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን "ዌል" የሚል ነው።

የአይሪን ፊት በራ። በነሱ ቋንቋ ዌል ማለት ደህና ማለት ነው። ግንባሩን ስማ፣ "ደህና ነኝ አለኝ" እያለች ነርሷን ልትጠራ ሮጠች። ነርሷ መጥታ ስሙን ጠየቀችው። "ዌል" አለ። የሚኖርበትን መንደር ጠየቀችው። "ዌል" አለ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ አይሪን አፏን በእጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

ዌል ትንሽ ቃል ናት፤ የማትገባበት ግን የለም። ሎረን ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍረው የኖረው የውሃ ጉድጓድ ዌል ነው። ያልታመመ ሰው ዌል ነው። አሳምሮ የሠራ ሰው ዌል ሠራ ይባላል፤ እንባ በዓይን ግጥም ሲልም ዌል አለ ይባላል። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ ሰው ምንም ሳይናገር መናገር ሲያምረው የሚያወጣት እሷን ነው። ጎተት አድርገው ሲሏት "እንጃ፣ አልመሰለኝም" ትሆናለች፤ ቆረጥ ሲያደርጓት "እና ምን ይጠበስ" ናት፤ ድምፅ ከፍ አድርገው ከጠየቁባት ደግሞ "እሺ፣ ከዚያስ?" ማለት ነው። የዚያ አገር ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲላት ይውላል፤ አስቦ የሚላት ግን የለም። ሎረን አሁን ከሷ ሌላ አልነበረውም።

የንግግር ሐኪሟ ሚስ ዴሎርም የምትባል ወጣት ነበረች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ፣ "ሚስተር ቢስቢ፣ የምንለውን ሁሉ እንደሚሰሙ አውቃለሁ። አእምሮዎ ደህና ነው፤ የተዘጋው መውጫው ነው" አለችው። እስከዚያች ቀን ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ሕፃን ነበር የሚያናግረው። በግራ እጁ እርሳስ አስያዘችው፤ የገዛ ስሙን መጻፍ አቅቶት ወረቀቱን በክብ በክብ ሞላው። ራስ መነቅነቁም ከዳው፤ አዎ ሊል ሲፈልግ አንገቱ ወደ እምቢታ ይሄድበታል። ሚስ ዴሎርም ለወራት ለፋች። ቃላቱ አፉ ድረስ ይመጡና እዚያው ይቀራሉ፤ የምትወጣው ያችው አንዷ ናት።

በጋ ላይ ሮይስ በፒክአፑ ጭኖ ወደ ሥራ ወሰደው። ባልና ሚስት ኮረብታ ላይ ቤት እያሠሩ ነው፤ ሮይስ ቆፍሮ ቆፍሮ ከድንጋይ አቧራ በቀር ያገኘው የለም። የመኪናውን በር ከፍቶ አጎቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

"አጎቴ፣ ልቀጥል ወይስ ነቅዬ ቦታ ልቀይር? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ሎረን ኮረብታውን አየ። ማሽኑ የተተከለው አለት ላይ ነው። ወደ ታች ወረድ ብሎ ሣሩ የጠቆረበት ቦታ አለ። ንቀል፣ እዚያ ውረድ ሊለው ፈለገ። የቻለውን ያህል ጎትቶ፣ ጥርጣሬውን ሁሉ አሸክሞ፣ "ዌ...ል" አለ። ግራ እጁንም አነሳ፤ እጁ ግን ወደ ጠቆረው ሣር መሄዱን ትቶ ማሽኑ ላይ አነጣጠረ።

"ልቀጥል? እሺ፣ አንተ ካልክ።"

"ዌል" አለ ሎረን። "ዌል፣ ዌል።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። እቀጥላለሁ።"

ሮይስ ሳምንቱን ሙሉ ቆፈረ። ውሃ የለም፤ የመቆፈሪያውም ጥርስ አለቀ። ሊነግረው መጥቶ በሩ ላይ እንደቆመ፣ "ቀጥል ያልከኝ እኮ አንተ ነህ" አለው። ወዲያው ያለው ነገር አሳፈረውና ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ወስዶት አያውቅም።

ሱቁም እንደ ድሮው አልሆነለትም። አይሪን አንዳንድ ጠዋት ዊልቸሩን እየገፋች ታስገባዋለች። የወተት መኪና የሚነዳው ክላይድ አንድ ቀን፣ "ሎረን፣ የዛሬው ዌል የትኛው ነው? የሚጠጣው ነው ጤናው?" አለው። ሰው ሳቀ። ሎረንም ሳቀ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ እሱም ቢሆን አያልፈውም ነበር። ክላይድን አፍ የሚያስይዝ መልስም ወዲያው መጣለት። ሰዎቹ ጠበቁት። "ዌል" አለ። ሳቁ ረገበና ሁሉም ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። መኪናው ውስጥ አይሪን ቀበቶውን እያሰረችለት ደረቱ ላይ ትንሽ ተደግፋ ቆየች።

ቅጠል ሲረግፍ ልጃቸው ጌይል ከኮነቲከት መጣች። አይሪን ወገቧን ተጎድታ ነበር፤ ሎረንን ከመታጠቢያው ስታነሳ አብረው ወድቀው፣ ሮይስ እስኪደርስ እርጥብ ወለል ላይ ተኝተው ነው የቆዩት። ጌይል እራት ላይ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ራትላንድ አካባቢ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ንጹህ ነው፣ ሐኪም አለው። እማዬም እየመጣች ታይሃለች። ምን ይመስልሃል?"

ይሄን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የጓሮውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ከዚህ የምወጣው ሬሳዬ ነው ሊል ነበር። "ዌል" አለ፣ ከሆዱ ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የሚያየው አይሪንን ነበር።

ጌይል ዓይኗን እየጠረገች፣ "አየሽ እማዬ፣ ጥሩ ነው አለ" አለች።

"ዌል" አለ እንደገና፣ ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታው። ሹካው ወደቀ።

"እሺ አባዬ፣ እሺ። ሰማንህ።"

አይሪን ሹካውን አንስታ በፎጣ ጠረገችው። ከጠራም በኋላ መጥረጓን አልተወችም። ቀና ብላም አላየችው።

የአረጋውያን መኖሪያው ክፍል ሁለት አልጋና አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ሎረን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከረመ። ውስጡ ግን ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከአይሪን ጋር ይጣላል፣ ጌይልን ይቆጣል፣ ሮይስን ከአለቱ ላይ እንዲወርድ ይለምናል። ከዚያ ሁሉ ለነርሶቹ የሚደርሳቸው አንዲት ቃል ናት፤ እነሱም "ደህና አደሩ? ጎበዝ" ብለው መጋረጃውን ከፍተው ይሄዳሉ። መጮህም ሞከረ። ሲጮህ የሚያስተኛ መድኃኒት ጨመሩለት።

በሌላው አልጋ ያለው ኦቪላ ፔልኪ የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ምላሱ ግን የድሮውን ሎረን ያስንቃል። ጎረቤቱ ቃል እንዳለቀበት የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም ግድ የሚሰጠው አይመስልም።

"ውሻ ነክሶህ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቀኝ እስቲ" አለው አንድ ቀን።

"ዌል?" አለ ሎረን ሳያስበው።

"ውሻስ አልነከሰኝም። የቄሱ ዝይ ነው የነከሰኝ።"

"ዌል፣ ዌል።"

"ቆይ እንጂ፣ የት ላይ እንደነከሰኝ ሳትሰማ ታዝንልኛለህ?"

ሎረን ሳቀ። እዚያ ከገባ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ፔልኪ አንገቱን ወደ ሳቁ አዙሮ፣ "አንተ ደግ ሰው ነህ። እዚህ ያለው ሁሉ አፌን ሲዘጋኝ ነው የሚውለው" አለው፤ የዝይውንም ወሬ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ በዚሁ ያልቅ ነበር። ዕድሜውን ሲያወራ የኖረው ሎረን አድማጭ ሆነ። ፔልኪ አንዳንዴ አንዱን ታሪክ ሁለቴ ያመጣዋል፤ ሎረን እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ደስታ ነው ማለት አይቻልም፤ መሽቶ ፔልኪ ሲያንኮራፋ ግድግዳው እዚያው ነው፣ ያላለው ነገር ሁሉ ጉሮሮው ላይ እንደተከመረ ነው።

በረዶ የጣለበት አንድ ከሰዓት በኋላ አይሪን መጣች። ኮሪደሩ ላይ እያለች የባሏን ድምፅ ሰማችና ቆመች። "ዌል?" አለ። "ዌል፣ ዌል" አለ። ከዚያ ሳቀ። አይሪን በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች፤ ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ፔልኪ የሴት ኮቴ ሲሰማ ወሬውን አቋርጦ የተኛ መሰለ።

ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ሳበች።

"ሎረን፣ የዚያን ቀን እራት ላይ ያልከውን ሰምቼሃለሁ" አለች። "ጌይል አልገባትም። እኔ ገብቶኛል። አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ እምቢታህ ይጠፋኛል? ድክም ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ሎረን አላያትም።

"አሁን እኔው ራሴ እጠይቅሃለሁ። ውሰጂኝ ካልክ እወስድሃለሁ። ሮይስ በሩ ላይ መወጣጫ ይሠራልናል። ወገቤ እስከቻለ ድረስ እይዝሃለሁ፤ ካልቻለ ሁለታችንም እዚሁ እንገባለን። በል ንገረኝ።"

የወራት ቁጣ ወደ አፉ መጣ። ያንን የእራቱን ዌል ቢላት በዚያው ሳምንት እንደምትወስደው አወቀ። ዞሮ አያት። በአንድ ጎኗ ተጣማ ነው የተቀመጠችው፤ ጣቶቿ አብጠዋል። ከኋላዋ በመስኮቱ በኩል በረዶው እየከበደ መኪኖቹን መሸፈን ጀምሯል፤ ተራራውን ተሻግራ ነው የምትመለሰው።

በነሱ አገር ሰው ቤት በእንግድነት ሄደው ቡናው ሲያልቅና ወሬው ሲሳሳ፣ ባል ጉልበቱን መታ አድርጎ "ዌል" ይላል፤ ሚስት ቦርሳዋን ታነሳለች። በቃ፣ መንገዱ ሳይጨልም እንነሳ ማለት ነው። አይሪን በሰው ሳሎን ሁሉ ስትሰማት የኖረች ናት።

ሎረን ግራ እጁን አንስቶ ጉልበቱን መታ አደረገ። "ዌል" አለ።

አይሪን መጀመሪያ አላመነችም። "ልሂድ ነው የምትለኝ? ብቻዬን?"

በረዶውን በዓይኑ አሳያት። "ዌል" አለ እንደገና፣ ለስለስ አድርጎ።

የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች። ግንባሩን ሳመችው። "እሁድ እመጣለሁ። አፕል ፓይ ጋግሬ ይዤልህ እመጣለሁ" ብላ ወጣች። ሎረን መኪናዋ ከማቆሚያው እስክትወጣ በመስኮቱ ተከተላት፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፔልኪ ቀስ ብሎ፣ "ሄደች?" አለ። የዚያን ቀን ታሪክ አላመጣም።

ሎረን ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖረ። ሁለተኛ ቃል አልመጣለትም፤ ያንንም ክፍል እስከ መጨረሻው አልወደደውም። አይሪን መንገድ ካልተዘጋ በቀር እሁድና ረቡዕ አትቀርም ነበር። ፔልኪ ከሱ ቀድሞ ሞተ፤ አልጋውንም ለሌላ ሰው ሰጡት። ያ ሰው ቴሌቪዥን እንጂ ወሬ አይወድም ነበር።