ከዛፎቹ የፈታሁት ቃጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመደመርና ከመቀነስ በፊት የተማርኩት ሰው መጠርጠርን ነው። አባዬ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ለእሱ ደንበኛ ማለት ገና ያልተያዘ ሌባ ነው። እኔም የሱ ልጅ ነኛ! ዛሬም ሰው እንዲያው ደግ ሲሆንልኝ ቀድሜ የማየው እጁን ነው።

ከሰፈራችን ጀርባ ዳገቱን ይዞ እስከ ምንጩ የሚወርድ፣ ዝግባና ዋንዛ የበዛበት ደን ነበር። ደርግ የወደቀ ሰሞን ሰው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ሲገባበት፣ የሰፈሩ እድር ጠባቂ አቆመለት ይባላል። ጠባቂው አባባ ጂሎ ነበሩ፤ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ሳቃቸው የማያልቅ የጌዴኦ ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ከእሳቸው ጋር ወጥቶ የምንጩን መንገድ ይመነጥራል፣ ጎርፍ የቦረቦረውን በድንጋይ ይደለድላል። አባዬ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም፤ ሱቁን ለማን ጥሎ!

ያኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ልጆች አባባ ጂሎ ጎጆ ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። እርጥቡ ጭራሮ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ላይ በቆሎ እየተንጣጣ፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለችው ፋኖስ ገና ሳይመሽ በርታ፣ እሳቸው ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» እያሉ ተረት ይነግሩናል። አንድ ቀን መጥረቢያ ተውሶ ደን ስለገባ ጅብ ነገሩን። ጅቡ መጥረቢያውን ባነሳ ቁጥር ዛፎቹ «እኔ የእገሌ ነኝ፣ እኔ የእገሊት ነኝ» እያሉ ሲመልሱለት ባዶ እጁን ይሄዳል።

«አባባ፣ ዛፍ የሰው ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ነው እንጂ! አንተም አለህ» ብለው ሳቁ።

ይህን ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ፊቱን አጠቆረ። ለካ እሱም በመንገዱ ሲያልፍ ግንዶቹ ላይ የእንሰት ቃጫ ታስሮ አይቶ ኖሯል። «ጪጩ ከተማ ያሉ ጣውላ ነጋዴዎች የገዙትን ዛፍ እንዲህ ነው የሚያስሩት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌው ደኑን ሸጦታል! እናንተን በተረት እያደነዘዘ! ሂጂና እዪልኝ፤ እንዳያይሽ ብቻ።»

ሄድኩ። በእርግጥም የታሰሩት ብዙ ናቸው። ማየቱ አልበቃኝም፤ ማስረጃ ፈለግኩ። ቋጠሮውን በጥርሴም በጥፍሬም እየፈታሁ ቃጫውን በደብተር ቦርሳዬ ሞላሁት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር! የበላሁት የእሳቸው በቆሎ ገና ከጥርሴ አልወጣም።

እሁድ እድሩ ትልቁ ዝግባ ሥር ሲሰበሰብ፣ አባዬ ያመጣሁለትን ቃጫ ከሰዉ ፊት ዘረገፈና «ይህ ሰው ዛሬውኑ ከደኑም ከጎጆውም ይውጣልን!» አለ። አንዳንዱ ሰው አጉረመረመ። አባባ ጂሎ ተንበርክከው ቃጫውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ።

«የሸጥኩት የለም» አሉ። «ልጅ ሲወለድ እናት ይመጣል። ዛፍ ይመርጣል፤ አብረን እናስራለን። ሰው የልጁን ዛፍ እንዴት ይቆርጣል? የጎረቤቱን ልጅ ዛፍስ እንዴት ይቆርጣል?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከመካከላቸው እማዬ ተነሳች። «የኛም አለ» አለች አባዬን ሳታየው። «ልጅቷን ክርስትና ባስነሳን ማግስት አሰርኩላት። ባዕድ አምልኮ ገባሽ ትለኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ።»

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሱቁ ሄደ።

አባባ ጂሎ ጠባቂነታቸው ቀጠለ። ቃጫውን በየግንዱ መልሰው አሰሩ፤ የየትኛው ዛፍ ባለቤት ማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ እንኳ የኔን ልታሳየኝ ወጥታ ሁለት ዝግባዎች መሀል ቆማ «ይሄ ነው... አይ፣ ያ መሰለኝ» አለች።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ብቻዬን ወደ ጎጇቸው ሄድኩ። በቆሎ ሰጡኝ፤ እሱን አልነፈጉኝም። «አባባ፣ የኔ የትኛው ነው?» አልኳቸው። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ፤ ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ነግሬህ፣ ለማን ልትነግር ነው?»

ሳቃቸው አልነበረም። ያን ዓይን እኔ አውቀዋለሁ፤ የአባዬ ዓይን ነው፤ እኔ ነኝ ወደ እሳቸው የወሰድኩት። ተረቱም ከዚያ ወዲህ እኔ ስደርስ ያልቅ ነበር። ሳይነግሩኝ ሞቱ።

ደኑ ዛሬም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱን ልንጠርግ ስንወጣ ወጣቶቹ ይስቁብኛል፤ አንዲት ቅርንጫፍ ለመቁረጥ መጥረቢያ ባነሱ ቁጥር እጮሃለሁና። ምን ላድርግ? የትኛው የኔ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም እጠረጥራለሁ፣ አንዱንም አላስነካም።