ሁለቱ የጦር ሜዳ መጻሕፍት

ዛሬ ጠዋት አዲስ መጽሐፍ ስገልጥ የማጣበቂያው ሽታ ይዞኝ ልጅነቴን ያሳለፍኩበት ሰበታ ገባ። መጽሔቱ ግምገማ እንድጽፍለት ሁለት መጻሕፍት ልኮልኛል፤ አንዱ ስለ ሰሜኑ ጦርነት የተጻፈ ታሪካዊ ልቦለድ፣ ሌላው እዚያው የዋለ መኮንን ማስታወሻ ነው። የትኛው እንደሚሻል ንገሪን ብለውኛል። እኔ እንኳን ልመልስ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየትም ይከብደኛል።

እንዲህ ያሉ ሁለት መጻሕፍት አንድ ክረምት ቤታችን ገብተው ነበር። ያመጣቸው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዓለም ገና ከተማ ያለ አንድ መጽሐፍ አከራይ፣ አባታችን የዘመተበትን ተራራ ሁለቱም እንደሚያነሱት ነግሮት ነው። ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል። አባታችን ግን ሞተም፣ አለም ያለን ሰው አልነበረም። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ ትጠብቀው ነበር።

እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራና ከቢራ ፋብሪካው የብቅል ሽታ ሲመጣ፣ ወንድሜ ለብርሃኑ ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ልቦለዱን ያነብልናል። ልቦለዱ ውስጥ ያለው ጄኔራል ሲናገር ድምፁን ያጎረንናል፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። እናቴ ደግሞ ከዛሬዋ እኔ የባሰች ሃያሲ ነበረች። "ይሄን የጻፈው ሰውዬ ጦር ሜዳ አልረገጠም፤ ወታደሮቹ ሲርባቸው እንኳ አይሳደቡም!" ትላለች። ልቦለዱ መጨረሻው ላይ ባለታሪኩን ወታደር ከምርኮ ወደ ቤቱ ስለመለሰው ግን ሁሉንም ይቅር አለችው። "እስቲ የመጣበትን ድገምልኝ" እያለች ስንት እሁድ አስነበበችው።

የመኮንኑ ተራ ሲደርስ እኔም ከወንድሜ ጎን ሆኜ ገጹን እከተል ነበር። የአባታችን ሻለቃ ጦር አንድ ሰው ሳይተርፍ ተራራው ላይ እንደቀረ የሚናገረው ቦታ ላይ ወንድሜ ንባቡን አቋረጠ።

"ኢቲ ፉፊ! ቀጥል እንጂ ልጄ" አለች እናቴ።

ቀጠለ። ብዙዎቹ ተማርከው እንደዳኑ፣ ድንበር ተሻግረው በሰው አገር እንደሚኖሩ፣ ከልቦለዱም ከራሱም እየጨመረ "አነበበ"። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ጉልበቴን አቅፌ መሬት መሬት አየሁ።

መርዶ በእኛ ሰፈር የሽማግሌ ሥራ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል። ያን ሁሉ ሸክም ጢሙ ገና ያላበቀለው ወንድሜ ብቻውን ተሸከመው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መኮንኑ ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የጻፈው።

ወንድሜ መጽሐፉን ሲያጥፍ እናቴ ጠጋ ብላ አንገቱን ወደ ደረቷ ሳበችውና ግንባሩን ሳመችው።

"ልጄ፣ ገጹን ሳትገልጥ ብዙ አነበብክ" አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ነገ ነጠላዬን ጥቁር ንከሪልኝ።"