ስም ያልወጣላቸው ቁልፎች

የመሥሪያ ቤታችንን ስልክ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያነሱ የኖሩት ሰውዬ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጋሽ ሬዲዮ እንላቸዋለን። ማን ከማን እንደተኳረፈ ከ«ሃሎ» ብቻ ይለያሉ። ወሬ ሲጠፋብኝ የምሮጠው ወደ እሳቸው ክፍል ነው።

ጋሽ ሬዲዮ ቅዳሜ ልጃቸውን ይድራሉ። ሠርጉ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ካልያዙ ሙሽራዋ ያለ አባት ትዳራለች። ድሮ ፈቃድ አንዲት ወረቀት ነበረች። ዘንድሮ «ሠለጠንን» ተባለና ከዕቃ ማዘዣው ጋር በአንድ የስልክ አፕ ሆነ።

የሳቸው ስልክ ጣታቸው ያረፈበትን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አፑ ላይ ግን የሚለው «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።» ብቻ ነው። የምን ቁልፍ? ሠሪዎቹ ሥዕል ለጥፈው ስም ሳያወጡለት ቀሩ። ጋሽ ሬዲዮ ሦስት ቀን ሲዳብሱ ያተረፉት አሥራ ሁለት የቢሮ ወንበር ማዘዝ ነው።

ማክሰኞ የሰው ኃይል ኃላፊው ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ጋሼ፣ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ፈቃዴ ነው?»

«አይ፣ አፑ ለአካል ጉዳተኛ እንደሚመች ሞክረው ማረጋገጥዎ ነው። አዲሱ ሕግ ያስገድዳል፤ ነገ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ።»

«ፈቃዴስ?»

«እሱማ በአፑ ነው።»

ጋሽ ሬዲዮ ሳቁ። የምር ሲናደዱ ነው የሚስቁት።

«በል ተቀመጥ። ዓይንህን ሸፍነህ ፈቃድ ጠይቅ። ከሆነልህ በሁለት እጄ እፈርማለሁ።»

ስልኩን አወጣ። ጋሽ ሬዲዮ አንባቢውን ድምፅ ከፈቱለት፤ እኔ ሻርፔን ዓይኑ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ደስታዬን አልደብቅም።

«ቁልፍ» አለ ስልኩ። «ቁልፍ። ቁልፍ።»

«ይቺ ናት!» ብሎ ሁለቴ መታት።

«ተልኳል» አለ ስልኩ።

«አላልኩም?» ሻርፑን አወለቀና ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ፈቃድ የጠየቀ መስሎት የሰረዘው ከሚስቱ ጋር ትኬት የቆረጠበትን የገዛ ዕረፍቱን ነው።

«እንዴት ነው የሚመለሰው?»

«በአፑ ነዋ፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ የወረቀት ፈቃድ ከሞት ተነሣ፤ ሁለቱም ሞሉ። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎቹ ባዶውን የፊርማ ቦታ አይተው አፑ እንዲስተካከል የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ጥለው ሄዱ። ጋሽ ሬዲዮም ልጃቸውን ዳሩ።

ሰኞ ኃላፊው ያንኑ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። «ተስተካክሏል፣ ጋሼ!»

«ፈቃድ መጠየቂያ» አለ ስልኩ። ጋሽ ሬዲዮ ጣታቸውን አሻገሩ። «ቁልፍ። ቁልፍ።»

«እንግዲህ ለሁሉም ስም እስክታወጡ አልፈርምም» አሉ። «አንተ ግን ቁጭ በል፤ ወንበር እንደሆነ ሞልቷል።»