ከባቡሩ መስኮት የተወረወረው አጥንት

የዶሮ አጥንቱ ያረፈው ሴትየዋ ጫማ ላይ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ዌልስ ሄደን፣ በጠባብ ሐዲድ በሚሄደው ትንሹ የከሰል ባቡር ተሳፍረን ነበር። ነጂውም ቲኬት ቆራጩም ጡረታ የወጡ፣ በነጻ የሚያገለግሉ ቮለንቲሮች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ባቡሩ ድሮ ቁራሌው በወሰደው ነበር።

ሴትየዋም ቮለንቲር ናቸው። የሐዲዱን ዳር ሣር ሲያጭዱ ደረስንባቸው፤ እንደ ደንባቸው ፈቀቅ ብለው እጃቸውን አውለበለቡልን።

አጠገቤ የተቀመጠው የአገልጋዮች መሪያችን አጥንቱን ግጦ ሲያበቃ በመስኮት ወረወረው።

«ምን ነካህ ወንድሜ?» አልኩት።

«ሥራቸው አይደል? ያጽዱት።»

«ደሞዝ እኮ የላቸውም።»

«ታዲያ ማን ለመናቸው?» አለና ጣቱን ላሰ። እሁድ እሁድ ያለ ደሞዝ ስለ ማገልገል የሚመክረን እሱ ነው።

ባቡሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉንም አየሁት። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው አጥንቱን አነሱ፣ ካጨዱት ሣር ጋር ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱትና እንደገና አውለበለቡልን። እሱም በዚያ ወጥ በነካው እጁ አጸፋውን መለሰ።

አሁን ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ ወርጄ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ ያንኑ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ሊጸልይልኝ ነው። እናንተ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ምን አደረጋችሁ?