ቆሜ የመረመርኩት ሞተሪኖ

ቆሞ የሚመረምር መካኒክ ያስጠላኛል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ይሄማ ግልጽ ነው» ሲል ስሰማ ጥዬው እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ማማቴ አይደለም፤ እኔው ራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በአንድ የሐምሌ ጠዋት አንድ ጠና ያሉ እህል ነጋዴ አሮጌ ፒካፓቸውን ይዘው መጡ። ሰፈሩ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

«ልጄ፣ ቁልፉን ሳዞረው አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል» አሉኝ። እናታቸው ራቅ ብላ ባለችው ጉንደ ወይን ከተማ በጠና ታመው ተኝተዋል፤ ስልክ በተደወለ ሰዓት መነሳት አለባቸው። «በሕይወት ባልደርስባት እንኳ በእጄ ልቅበራት። እኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ እኔን ብለው አያቆዩዋትም።»

ቁልፉን አዞርኩት። ጠቅ። የፊት መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው፣ ክላክሱም ይጮሃል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ካልዞረ ችግሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ እንደሆነ ሙያውን ትናንት የጀመረ ያውቀዋል። እኔም አውቄዋለሁ። ግን ሞተሪኖውን ለማየት ከሥር መግባት አለ። የከብት ገበያው መንገድ በደጃችን ስለሚያልፍ የጋራዡ ጭቃ እበትና የተቃጠለ ዘይት የተለወሰበት ነው፤ ሽታው ራሱ ያጥወለውላል። በዚያ ላይ ያን ቀን የሥላሴ ማኅበር ነበረብኝ፤ የተተኮሰ ሱሪ ለብሼ ሽክ ብያለሁ።

«ባትሪ ነው ሐጂ፣ ይቀይሩት» አልኳቸው። ኤዲያ፣ ይሄም አፍ ሆኖ!

አዲስ ባትሪ ገዝተው መጡ፣ አሰርኩላቸው። እንዳጋጣሚ በመጀመሪያው ተነሳ። መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ማኅበሬ ላይ ተቀምጬ ጠላዬን ጠጣሁ። ነገ ጥራቸውና ፈትተህ እየው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አልጠራኋቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት ፒካፑ በገመድ ተጎትቶ መጣ። ሐጂ ከኋላው በእግራቸው ናቸው። እናታቸው ማረፋቸው የተነገራቸው ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ነበር። ቁልፉን ቢያዞሩት ጠቅ ብሎ ቀረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ቢገፋም ግቢው ረግረግ፣ መውጫው ዳገት ስለሆነ ጎማው ባለበት ተንሸራተተ። መናኸሪያ ሄደው ሚኒባሱ እስኪሞላ ቁጭ አሉ።

«ስደርስ ሰዉ ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት» አሉኝ። አልተቆጡም። ምነው ተቆጥተው በነበር።

ከመኪናው ሥር ገባሁ። ብሎኖቹን ስፈታ ዝቃጩ ፊቴ ላይ ተንጠባጠበ፤ አንዱ ጠብታ አፌ ገባ። ቱ ብዬም አልወጣልኝ። ሞተሪኖውን አውጥቼ ከፈትኩት። ውስጡ ኤሌክትሪኩን ለሚሽከረከረው ክፍል የሚያቀብሉት ካርቦኖች አልቀው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። እንዲህ ያለቀ ካርቦን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይስታል። አዲስ ባትሪ የገባ ቀን ነክቶ ነበር፤ እናታቸው የሞቱ ቀን ሳተ። ካርቦኖቹን ቀየርኩ፣ ውስጡን አጸዳሁ፣ መልሼ አሰርኩት። አሥር ጊዜ ያህል አስነሳሁት፤ አንድም ጊዜ እምቢ አላለም። ከምሳ በፊት ያለቀ ሥራ ነው። የእኚህን ሰው እናት ከልጃቸው እጅ ያስቀረሁት ለዚህችው ነው። ራሴን ተጸየፍኩት።

ሐጂ ያለቀውን ካርቦን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ይሄ ነው እንግዲህ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ባትሪው ምን ሆኖ ነበር?»

ያቺ ሰዓት የኔ ነበረች። ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነበር፣ አጠገባችን ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገውም አንድ ቃል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እሱም ደክሞ ነበር ሐጂ» አልኩ።

ካርቦኑን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። አንገቴን መድፋቴ ሐዘን መስሏቸው ነው መሰለኝ ትከሻዬን ያዙኝ። «አይክፋህ ልጄ። የአላህ ሥራ ነው። አንተ ምን ታደርግ?»

«አዎ» አልኳቸው፣ «የእሱ ሥራ ነው።»