አያቴ ጸሎታቸውን የሚጨርሱበት ቦታ

አያቴ ጸሎት ሳያደርሱ እህል አይቀምሱም ነበር። ካረፉ በኋላ ዘመድ ሁሉ ይህን እንደ ገድል ያወራዋል። እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አብሬያቸው ስለኖርኩ ሳስበው መጀመሪያ የሚሰማኝ ድካም ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ሐዲዱን በእግር እየተከተሉ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ የተንከባለለ ድንጋይ ማንሳት ነው። ጸሎታቸውንም የሚያደርሱት እየሄዱ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ሁሉንም ከአባታቸው አፍ ሰምተው በቃላቸው የያዙት ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ከጣቢያው ይጀምራሉ። ውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርሱ ውዳሴ ማርያም ይገባል፤ ትልቁ ግራር ጋ ደግሞ መልክአ ሚካኤል። መጨረሻ ላይ የገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው የቤተሰቡን ስመ ክርስትና አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ በመጀመሪያ የሞቱትን፣ ከዚያ በሕይወት ያለነውን። ቁርስ ከዚያ በኋላ ነው። የድሮው ባቡር ከቆመም በኋላ መንገዱን አልተዉም። «ባቡሩ ጡረታ ወጣ እንጂ እኔ መች ወጣሁ?» ይሉ ነበር።

እኔን ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው፣ ሴቷ አያቴ፣ ናቸው፤ እናቴ የሞተችው ገና ዳዴ ስል ነው። የከርከሮን ዱካ ከዝንጀሮ ዱካ መለየት ያስተማሩኝ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ በሽታ ይመስላቸዋል። ትኩሳት ሲይዘኝ እንኳ «አየር ያግኛት» ብለው አልጋዬን ግቢ ያወጡት ነበር።

ሴቷ አያቴ ካረፉ በኋላ፣ አንድ ቀን ሐዲዱ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ዘመድ በስልክ ተመካከረና እኔ ጋ እንዲኖሩ ተወሰነ። እኔ ሰመራ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። «አንቺ ቅርብ ነሽ» አለችኝ አዳማ የምትኖረው አክስቴ። አዳማ ለአዋሽ ከሰመራ ይቀርባል፤ ግን በዘመድ ቋንቋ ቅርብ ማለት ባል የሌላት ማለት ነው። ተናደድኩ፤ ቢሆንም ሄጄ አመጣኋቸው።

ሰመራ ላይ ጸሎቱ አልሄድ አለ። ማለዳ ከግቢው በር ይጀምራሉ፤ አቡነ ዘበሰማያት ያልቃል፤ ከዚያ አስፋልቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን አጥር ያያሉ፤ የሚቀጥለው ይጠፋቸዋል። ተመልሰው ከበሩ ይጀምራሉ። ፀሐዩ አናት ሲበሳ እሳቸው ገና መጀመሪያው ላይ ናቸው፤ ሆዳቸው ባዶ ነው። ስኳር በሽታ አለባቸው፤ መድኃኒቱ ያለ ምግብ አይወሰድም። «አባባ፣ እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ የለም እኮ» እላቸዋለሁ። «እሱማ አለ፤ እኔ ነኝ የጠፋሁት» ይሉኛል። ውዳሴ ማርያም በስልኬ አሰማኋቸው፤ በአክብሮት ቆመው አዳመጡና ሲያልቅ ወደ በሩ ተመለሱ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔንም አንዳንድ ቀን ይረሱኝ ጀመር። የዘነጉኝ ቀን ይበልጥ ትሁት ይሆናሉ፤ ውሃ ሳቀብላቸው ተነስተው ነው የሚቀበሉኝ። ያወቁኝ ቀን ግን እንደ ድሮው ይቆጡኛል። ቁጣቸው ይናፍቀኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው መዋሸት የጀመርኩት። አንድ ጠዋት ቢሮ ረፍዶብኝ፣ ከበሩ ላይ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና «አሁን እኮ ጨረሱ፤ ይብሉ» አልኳቸው። አመኑኝ፣ በሉ። በማግስቱም እንደዚያው አደረግሁ። ሥራ በሰዓቱ መግባት ጀመርኩ፤ ስኳራቸውም ልክ ሆነ። አክስቴ በስልክ መረቀችኝ። በውሸት የተገኘ ጤና ነው ብዬ አልነገርኳትም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዳቦውን ቆርሰው እንደያዙ ቀና አሉ።

«ስማቸውን ጠራሁ?»

«ጠርተዋል አባባ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዳቦውን አስቀመጡት። «እንግዲያው ልጆቼን ሜዳ ላይ ጥያቸው የመጣሁ የሚመስለኝ ለምንድን ነው?»

አዋሽ እወስድዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከዚያ ነገ ዛሬ እያልኩ ሰነበትኩ። ሪፖርት ይለቅ፣ መንገዱ ይሻል፣ ሙቀቱ በረድ ይበል። ሰመራ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ማለት በጭራሽ እንደማለት ነው። እሳቸው ግን ያን ቀን ያስቀመጡትን ዳቦ አላነሱትም ማለት ይቻላል። አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና ይበቃኛል ይላሉ። ቀበቷቸው ሰፍቷቸው አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁ።

በአውቶቡስ ሄድን። ሚሌ ላይ ቆመን፣ ከከባድ መኪኖች ኋላ ስንጎተት ዋልን። በየፌርማታው «አዋሽ ነው?» ይሉኛል። ገዋኔ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «አይደለም አልኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ እናት ዞር ብለው አዩኝ። «ይቅርታ እህቴ» አሉኝ አያቴ። ከዚያ በኋላ እስከ አዋሽ ምንም አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ከጣቢያው ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ እጄን ለቀቁት። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ አፈር ለብሷል፤ እግራቸው ግን ያውቀዋል። ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርሱ ውዳሴ ማርያም ከአፋቸው ወጣ። ኋላቸው ሆኜ እሰማለሁ፤ አንድ ቃል አልተደናቀፈም። ትልቁ ግራር ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። እዚህ ጋ ያበቃል ብዬ ጠጋ አልኳቸው። ጉቶውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና መልክአ ሚካኤልን ቀጠሉ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታለች። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የሙታኑን ስም ጀመሩ። የሴቷን አያቴን፣ የእናቴን፣ እኔ የማላውቃቸውን የጥንቶቹን። ከዚያ ወደ ሕያዋኑ ሲሻገሩ መጀመሪያ የጠሩት የእኔን ነበር። አዳማ ያለችው አክስቴም፣ ልጆቿም፣ አንድም ሰው አልቀረም። እነዚያን ሁሉ ወራት ጠርተዋል እያልኩ የበላሁባቸው ስም ይህ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ጨረሱ ብዬ ውሃ ሳቀርብላቸው አልተቀበሉኝም። ፊቴን በትሕትና አዩት።

«እኔን ስትጠብቂ ፀሐይ መታሽ፣ የኔ ልጅ። ሳልጠራሽ አልሄድም። ስመ ክርስትናሽ ማነው?»

ነገርኳቸው።

«የልጅ ልጄ ሞክሼ ነሽ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞሩና ስሜን ሁለተኛ ጊዜ ጠሩት። «ይህችኛዋ ደክሟታል፤ አንተ አሳርፋት» አሉ።