ተቆጥረው የቀሩት አማት

በቆሰበር፣ በሌላ ስሟ በእንጅባራ፣ ስልኩ ውኃ የገባበት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት የነከሰበት፣ ፍላሹ አልከፈት ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻው ዮናዳብ ጋ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱን የያዘ የኮሌጅ ኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ተወልዶ ያደገው አዘና ሲሆን አባቱ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ስለነበር ከሞተር ድምፅ ጋር አደገ። ባሕር ዳር ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ «ሙቀቱ አልተስማማኝም» ብሎ ወደ እንጅባራ ብርድ ተመለሰ። አዲስ አበባን ሞቃት ነው ያለ ሰው እስካሁን የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ጥገናው እንጀራው ነው እንጂ ፍቅሩ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያስተናግድ አንድ የውስጥ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። እኛ የምናየው ፊደሉንና ሥዕሉን ነው። ከርነሉ ከጀርባ ሆኖ ቦታ ያከፋፍላል፣ ሰልፍ ያስይዛል፣ ጠብ ይገላግላል። ሌላው ወንድ ኳስ በሚያይበት ሰዓት ዮናዳብ የከርነል ኮድ ያነባል፤ እያነበበም ብቻውን ይስቃል። ሚስቱ ርሆቦት በተጋቡ ሰሞን «ሌላ ሴት ብትሆን እኮ ሄጄ አናግራት ነበር» ስትል ሰምቻለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ለኮሌጁ አንድ ትልቅ ሰርቨር በእርዳታ መጣ። አርባ ስምንት ራስ አለው፤ ማለትም አርባ ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ማሽን ነው። ዮናዳብ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከአይሱዙ ላይ እንደ አራስ አወረደው። ለሠርጉ ያልገዛውን መጋረጃ ለማሽኑ ክፍል ገዛ።

ማሽኑ ግን የተማሪ ምዝገባ ሲጫንበት ከአሮጌው ኮምፒዩተር እኩል ያዘግም ጀመር። የኮሌጁ ዲን አቶ ይኸነው ግራ ገባቸው።

«አርባ ስምንት ራስ አለው አላልኸኝም?»

«አለው ጋሼ። ግን አርባ ስምንቱም አንድ ደብተር ላይ ነው የሚጽፉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ፋይልም ይሁን የማስታወሻ ቦታ፣ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚጻፍበት ቁጥር አለው። አንዱ ሲይዘው አንድ ይጨመራል፤ ሲለቀው አንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲገባ ከርነሉ ጠራርጎ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። አርባ ስምንት ራስ ያንኑ አንድ ዕቃ ከፈለገ ግን ሥራውን ትቶ ቁጥሯን ለመንካት ይሰለፋል። ዮናዳብ ከርነሉን ከፈተና ለእያንዳንዱ ራስ የግሉን ቁጥር ሰጠው። ድምሩ የሚታወቀው ሁሉንም በየተራ እየዞሩ በመጠየቅ ነው። ማሽኑ በረረ። አቶ ይኸነው ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩት ጀመር።

ከዚያ መውደቅ መጣ። በሦስት ቀን አንዴ፣ በአምስት ቀን አንዴ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ሰው ገና የያዘውን ዕቃ ከርነሉ ዜሮ ደርሷል ብሎ እንደሚጠርግ ዮናዳብ ደርሶበታል፤ ለምን ዜሮ እንደሚያይ ግን አልገባውም። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ አቶ ይኸነው ቢሮ ጠሩት። ጠረጴዛው ላይ ባሕር ዳር ካለው የክልሉ ቢሮ የመጣ ደብዳቤ አለ፤ ማሽኑ አገልግሎት የማይሰጥ ከሆነ ለሌላ ተቋም እንዲተላለፍ የሚጠይቅ።

«ሰኞ ምዝገባ ይጀመራል» አሉ። «አንድ ጊዜ ከወደቀ ማክሰኞ መኪና ይመጣል።»

ዮናዳብ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቅዳሜም አልበላም። እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችን ሰዎች ለመዝሙር ኮንፈረንስ ዳንግላ የሚሄዱበት ቀን ነበር፤ የጉዞው ኃላፊ ራሱ ስለሆነ መቅረት አልቻለም።

ባለፈው ወር ጉዞ እያንዳንዱ ሰው በሩ ላይ እሱ ዘንድ እየቀረበ እንዲመዘገብ አድርጎ ግማሹን ጠዋት በሰልፍ ፈጅቶብን ነበር። በዚህኛው ጉዞ ግን ተምሯል። ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስና አንድ ሚኒባስ ነበረን፤ ለየመኪናው አንድ ቆጣሪ መደበ። የፊተኛው የፋና፣ ሁለተኛው የእኔ፣ ሚኒባሱ የራሱ የዮናዳብ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ፋና ሃያ አራት፣ እኔ ሃያ አምስት፣ ሚኒባሱ አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው ስልሳ አንድ ሰው ይዘን ያለ ወረፋ ዳንግላ ገባን። ሲመለስ ሰው በፈለገው መኪና ይውጣ፤ ድምሩ ስልሳ አንድ ሲሞላ ዳንግላ የቀረ የለምና እንነሣለን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ መኪኖች ቦታ አጥተው በተለያየ ጎዳና ቆሙ። ዮናዳብ መጀመሪያ ፋና ጋ ደወለ።

«ሃያ አራት አምጥቼ ሃያ ሰባት ጭኛለሁ» አለችው።

«ስለዚህ አንቺ ጋ ያለው ቀሪ ከዜሮ በታች ሦስት ሰው ነው።»

«ከዜሮ በታች ሰው የለኝም። ሁሉም ወንበር ላይ ነው።»

«ግድ የለሽም፤ ሌላው መኪና ይጎድለዋል፣ ሲደመር ይካካሳል።»

ኔትወርኩ ጠፋ። እሱ የስልኩን ቁልፍ ደጋግሞ ሲጫን፣ በፋና መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ የነበረው ባለ ወፍራም ድምፁ ዘማሪያችን በኃይሉ ወንበሩ ሆዴን ያገላብጠዋል ብሎ ወርዶ እኔ መኪና ገባ። ፋና በሥርዓት አንድ ቀነሰች። እኔም በሥርዓት አንድ ጨምሬ ሃያ ሁለት አልሁ። ወዲያው የዮናዳብ ጥሪ ገባ፤ ሃያ ሁለት ብዬ ነገርሁት። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፤ ስልሳ አንድ። «ዜሮ» አለ ደስ ብሎት፣ «እንሂድ።»

አዲስ ቅዳም ልንገባ ስንል ስልኩ ጮኸ። አማቱ ወይዘሮ ሽቱ ናቸው።

«ዮናዳብ፣ መኪናው ወዴት ሄደ?»

«ወደ ቤት ነዋ እማማ። ምነው፣ ወንበሩ አልተመቸዎትም?»

«የምን ወንበር?»

ደብተሩን ገለጠ። «ወይ ፋና ጋ ነዎት፣ ወይ ሁለተኛው መኪና ውስጥ ነዎት። ስልሳ አንድ ሰው ሞልቷል።»

«እኔ ዳንግላ ነኝ።»

«እማማ፣ ተቆጥረዋል እኮ።»

«ታዲያ ይህ የቆምሁበት ቦታ ምንድን ነው ልጄ?»

ርሆቦት ከጎኑ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ባሏን ያየችበትን አስተያየት እዚህ መጻፍ አልችልም።

አዲስ ቅዳም ላይ ቆምን። ዮናዳብ እንደገና መኪና ለመኪና እየሮጠ ቆጠረ፤ ሰው ደግሞ እግሩን ሊያፍታታ ይወርዳል፣ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ ባገኘው በር ይገባል። ሃምሳ ስምንት ሆነ። ቀጥሎ ስልሳ ሁለት ሆነ፤ ከዳንግላ ከተነሣነው በላይ ማለት ነው። የሚኒባሱ ሾፌር አንዳርጋቸው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ብንቆይ እኮ አማትህም በቆጠራ ይመጣሉ» አለው። ሚኒባሱን ባዶ አድርገን ወደ ዳንግላ ተመለስን። የእኔ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ይህን ማን ያመልጠዋል?

ወይዘሮ ሽቱ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አድርገው መንገድ ዳር ቆመዋል። ዘመዳቸውን ደጊቱን ሊሰናበቱ ሄደው፣ ደጊቱ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፤ ብቻዋን ትመለስ ብለው እሳቸው እስከ በሯ ሸኟት፤ እሷ እንደገና ሸኘቻቸው። ሦስት ዙር ሄደዋል። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሲቆጡ በአገራቸው ቋንቋ በአውኚ ነው የሚቆጡት፤ በአማርኛ ሲጀምሩ ዮናዳብ ትንሽ ተነፈሰ።

«የጠዋቱ ጥሩ ነበር። አላሰለፍኸንም» አሉ። ሃያ ዓመት የጉባኤውን የምሳ ሳህን ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ማን የት እንዳለ ምን ያደርግልሃል? አንተ ራስህ ዳንግላ ነህ፣ ትታችሁን አትሄዱም። መሄጃው ሲደርስ ግን መጀመሪያ ለቆጣሪዎችህ የየግል ደብተር ቀረ ብለህ ትነግራለህ። ሁሉም መስማቱን ታረጋግጣለህ። የያዙትን ቁጥር ወደ አንድ ደብተር ትሰበስባለህ። ከዚያ ወዲያ የሚገባም የሚወጣም አንተ ፊት ብቻ። አንተ አንዱን ጠይቀህ ሌላው ጋ እስክትደርስ ሰዉ እንደ ሳህን ተደርድሮ የሚጠብቅህ ይመስልሃል።»

ዮናዳብ ደብተሩን አወጣ። ከዚያ «አንዳርጋቸው፣ አቁም» አለ።

«ማን ቀረ ደግሞ?»

«ማንም። አቁምልኝ።»

ወርዶ ደብተሩን ሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። «እማማ፣ ያሉትን እባክዎ ይድገሙልኝ።»

«አልደግምም። ደክሞኛል።»

በኃይሉ ነበር ነገሩ። ከአንዱ መኪና ወርዶ ሌላው ላይ ሲወጣ ማንም አልተሳሳተም፤ ፋናም ልክ ናት፣ እኔም ልክ ነኝ። ዮናዳብ ግን በሁለት የተለያየ ሰዓት ጠይቆን በኃይሉን ሁለቴ ቆጠረውና ትርፉ አማቱን ሸፈነ። ማሽኑ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ራስ የያዘውን ሌላው ራስ ይለቀዋል። ከርነሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሲጠይቅ በመሃል ቁጥሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዜሮ ሳይሆን ዜሮ ያነባል።

እንጅባራ እንደደረስን ባጃጅ ይዞ ወደ ኮሌጁ በረረ። ወይዘሮ ሽቱ «የቀረሁበትን ምክንያት ሳላይ ቤቴ አልገባም» ብለው አብረውት ተሳፈሩ፤ እኔም ጎናቸው ተጨናንቄ ገባሁ። ዮናዳብ መጀመሪያ አርባ ስምንቱ ራሶች አንድን ዕቃ እንዲቀባበሉ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ በአሮጌው ኮድ ላይ ለቀቀው። ማሽኑ በአራት ደቂቃ ወደቀ። ዮናዳብ አጨበጨበ።

«ወደቀ አይደል?» አሉ አማቱ። «ምኑ ነው ደስ ያለህ?»

«እስከ ዛሬ ራሱ ነበር የሚወድቀው። አሁን እኔ ጣልሁት።»

ከዚያ ኮዱን እንደ አማቱ ቃል አስተካከለ። ዕቃው በሥራ ላይ እያለ የፈጠረው ፕሮግራም፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ራሱ አንድ ቁጥር ይዞ ስለሚቆይ ዜሮ ሊገባ አይችልምና ማንም ድምሩን አይጠይቅም፤ ሁሉም በየግሉ ይጽፋል። ባለቤቱ ሲለቅ ለአርባ ስምንቱም ራሶች ይነገራል፤ ሁሉም እስኪሰሙ ይጠበቃል፤ ቁጥራቸው ወደ አንድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው እዚያው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ያ አንዱ ዜሮ ሲል በእርግጥ ዜሮ ነው። የመፈተኛው ፕሮግራም ዐሥር ደቂቃ ሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ርሆቦት ራት ቀርቧል ብላ ስትደውል አሁንም ይሄድ ነበር።

ሰኞ አራት መቶ ተማሪ ተመዘገበ። አቶ ይኸነው በየሰዓቱ አንገታቸውን ወደ ማሽኑ ክፍል እያሰገጉ «ወደቀ?» ይላሉ፤ ዮናዳብ አልወደቀም ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ተማሪ ደረሰኟን ይዛ ስትወጣ ዲኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለባሕር ዳር መልስ ልጽፍ ነው። ችግሩ ምን ነበር ልበል?»

«አማቴ ዳንግላ ቀርተው...»

«አማትህን ደብዳቤ ውስጥ አላስገባም።»

ዮናዳብ ስለ ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። አቶ ይኸነው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ፤ እስክሪብቷቸውንም አላነሡም። ሲጨርስ ወረቀቱን ስበው አንድ መስመር ብቻ ጻፉና፣ ማኅተም ከመምታታቸው በፊት እንዲያየው ሰጡት፦ «ማሽኑ በአሁኑ ሰዓት ተጠቃሚዎች የያዙት ስለሆነ ለማንሣት የማይቻል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»